የቆራጩ ቀኝ

ያን ፀጉር ቆራጭ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ለምን» እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያው በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። ጠያቂ ነዋ! እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይጠየቅ የተነሳ ሰው የለም። መሥሪያ ቤት ለምን ቀየርክ? ጢም ማሳደግ ለምን አስፈለገህ? አማትህ ለምን አኮረፈች? ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ለማንም አያወራም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ደንበኛውስ ቢሆን ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሆኖ ምን ብሎ ይዋሽ? ሁሉን ዘርግፎ ይሄዳል።

ሌላም አመል አለው። በሱ ቤት ቀኝ ማለት የቆራጩ ቀኝ ነው። ደንበኛው ፊት ለፊት ይቆምና «ወደ ቀኝ ዞር በል» ይላል። ደንበኛው እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው በራሱ ቀኝ ይዞራል። ያን ጊዜ ጋሽ ለምን አገጩን ይዞ ወደ ማዶ እየመለሰ «የኔን ቀኝ ነው ያልኩህ! የሚሠራው ማነው፣ እኔ ነኝ አንተ?» ይለዋል። አንዱ ደፋር «የኔስ ቀኝ የት ሄደ?» ብሎት ነበር። «አንተ እዚህ ቤት ቀኝም ግራም የለህም፤ ያለህ አንገት ነው» ብሎ አፉን አስያዘው። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

በጋሽ ለምን እጅ የሠለጠነ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጋራዥ ሥራ ትቶ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ አጭር ጎልማሳ ነበር። ምንም ይሁን ምን መልሱ «እሺ» ስለሆነ ስሙም «እሺ» ሆኖ ቀረ። በመጣ ሰሞን የፈላ ውኃ ያለበትን ማንቆርቆሪያ የወንበሩ እጀታ ላይ አሳረፈና የእጀታው ቆዳ ላይ ክብ ጠባሳ አተመበት። ጋሽ ለምን «ለምን? ንገረኝ፣ ለምን?» እያለ ጮኸ። ሰውየው አሰበ፣ አሰበና «እሺ» አለ። ወደው አይስቁ አሉ፤ ጋሽ ለምን ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንዱ እየጠየቀ፣ አንዱ እሺ እያለ ጎን ለጎን ሠሩ።

ወንበሮቹ ሁለት ነበሩ፤ ከሚዘጋ ፀጉር ቤት በአንድ ቀን የተገዙ፣ እግራቸው ብረት፣ ፔዳላቸው ሲረገጥ ደንበኛውን ወደ ላይ የሚያነሱ። እሺ ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ የራሱን ሱቅ ልከፍት ነው ሲል ጋሽ ለምን ጠባሳ ያለበትን ወንበር አበደረው። «እስክትቋቋም ድረስ ነው፤ ስትቋቋም ትመልሳለህ» አለው። ምን እንዳለ መቼም አይጠፋችሁም። «እሺ» አለ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ። ይሄ እሺ ግን ከባዶም አልበለጠም። ብዙም ሳይቆይ የቀረው ወንበር ፔዳሉ ሞተ። ሠሪ ቢመጣ «የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ድሮ ቀረ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ለምን ዝቅ ብሎ ከቀረ ወንበር ጋር ሲያጎነብስ ሲውል ወገቡ ከዳው። ማታ ማታ ባለቤቱ ነች ጫማውን የምታወልቅለት። የአጥንት ሐኪሙም «ወይ ደንበኛውን ከፍ አድርገው፣ ወይ ሙያውን ተው» አለው፤ ሦስተኛ መንገድ የለም አለው። ሙያውን ይተው? ሙያውን ትቶ ማንን ሊጠይቅ ነው? ስልክ ደወለ። «ወንበሬን ላክልኝ፣ ወገቤ ሊበጠስ ነው።» «እሺ ጋሼ።» ደግሞ ደወለ። «እሺ ጋሼ።» ወንበሩ ግን የለም።

ባለቤቱ ከፀጉር ቤቱ ጎን ክርና ቁልፍ የምትሸጥ፣ ከሱ ይልቅ ሰው የምታውቅ ሴት ናት። ፍርድ ቤት ልሄድ ነው ሲላት ቁልፍ መቁጠሯን ሳታቆም፣

«ሄደህ ብትጠይቀውስ?» አለችው።

«በስልክ ስንቴ ጠየቅኩት!»

«እኔ ሄደህ ነው ያልኩህ።»

«ለሚክድ ሰው አውቶቡስ ልሳፈርለት? ኤዲያ!» አለና ክሱን አስጻፈ።

ክስ ጸሐፊው የወንበሩን ምልክት ጠየቀው። «የቀኝ እጀታው ላይ ክብ ቃጠሎ አለው» አለ ጋሽ ለምን፣ እጁን እንኳ ሳያነሳ። ጸሐፊውም እንዳለው ጻፈ። መጥሪያው ወንዙን ተሻግሮ ለእሺ ደረሰው፤ ፈርሞ ተቀበለ፤ በቀጠሮው ቀን ግን አልመጣም። ዳኛው ጉዳዩን እሱ በሌለበት አዩት። ፍርዱን ሲያነቡ «የግራ ቀኙን ጉዳይ መርምረናል» ቢሉ ጋሽ ለምን እጁን አወጣ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ፣ ግራው እኮ አልመጣም። ያለሁት እኔ ቀኙ ብቻ ነኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም መነጽራቸውን አስተካክለው «ግራ ቀኙ ማለት ተከራካሪዎቹ ማለት ነው አባቴ፤ ይቀመጡ» አሉት። ተቀመጠ። ወንበሩ ይመለስለት ተብሎ ተፈረደለት። ፍርዱን ደረቱ ኪስ ከቶ በደስታ ወጣ፣ በዚያው ሳምንት ወንበሩ የሚመጣ መስሎት።

አፈጻጸም ክፍል መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ባለዕዳው ከወንዙ ማዶ ነው። ማዶው ሌላ ግዛት ነው፤ የኛ ዳኛ እዚያ አያዝም» አለው።

«ለምን?»

«ለምን ማለት? የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸዋ።»

«ታዲያ ይሄ ፍርድ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

ሠራተኛው አሰብ አደረገና «ወረቀት ይሆናል» አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ጋሽ ለምን ግን መስኮቱ ላይ ክርኑን ተደግፎ ተመቻቸ። ወገቡን ረሳው። የዳኛ ቃል ወንዝ አይሻገርም? ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሮ ይሄን ሳያውቅ! ከኋላው ሰልፍ የያዙት ሲያጉረመርሙ፣ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ እያለ አስረዳው፤ ይሄኛው ፍርድ ቤት ለዚያኛው «ይህን ፍርድ በእኛ ምትክ አስፈጽሙልን» ብሎ ውክልና ይጽፋል፤ ያኛው ደግሞ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል።

«ጎረቤትን ልጄን ገሥጽልኝ እንደማለት ነዋ!»

«በሉት። ግን ጎረቤት ልጁ ለምን እንደሚገሠጽ አይጠይቅም። ጥፋቱን የሚያውቀው የላከው ነው።»

«አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም አባቴ። ቀጣይ!»

ውክልናው ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ታሽጎ እስኪወጣ ጋሽ ለምን ለደንበኛ ሁሉ ያወራው ይሄንኑ ነበር። መሄጃው ቀን ደርሶ አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሕጉ የሚያልቅበትን ቦታ ፈለገ። መስመር የለ፣ ምልክት የለ። ወዲህም መኪና ያጥባሉ፣ ወዲያም መኪና ያጥባሉ። አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴትዮ «አሁን የት ነን?» ቢላት «አውቶቡስ ውስጥ» አለችው። መልሷ ደስ አለው፤ ግን ወገቡ ሲነዘንዘው እየተገላበጠ ስለነበር ብዙም አልሳቀም።

በማዶው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ሥራው የተሰጠው ለአንዲት ፀጉሯን ወደ ኋላ ለጠቅ አድርጋ ላሰረች፣ ስፖርት ጫማ ለተጫማች ሴት ነበር። ውክልናውን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ተመልሳ ደግሞ አነበበች። ጋሽ ለምን «ለምን ሁለቴ አነበብሽው?» ሲላት «ሰው ንብረት ላይ እጄን ከማሳርፍ ወረቀት ላይ ዓይኔን ባሳርፍ ይሻላል» አለችው። ወደዳት። ወንበሩን ራሱ ለይቶ እንዲረከብ አብሯት መሄድ ነበረበት። እሷ ከፊት፣ እሱ ወገቡን ይዞ ከኋላ፣ ከሱም ኋላ ወንበሩን የሚጭነው ባለ ጋሪ ጋሪውን እያንኳኳ፣ ገበያውን አቋርጠው የእሺ ሱቅ ደረሱ።

መስታወት በር ያለው ጠባብ ሱቅ ነው። ወለሉ ገና መጠረጉ ነው፤ ማበጠሪያዎቹ ጥርስ በጥርስ ተደርድረዋል፤ ፎጣዎቹ ጋሽ ለምን በሚያጥፍበት አስተጣጠፍ ታጥፈዋል። ጋሽ ለምን ይሄን ሲያይ ልቡ ደስም አለው፣ ተናደደም። ግን ዓይኑ ወንበሮቹ ላይ ሲደርስ ክው አለ። ወንበሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ብረት እግር፣ ሦስቱም ባለ ፔዳል፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቆዳ። የሚዘጋ ፀጉር ቤት ዕቃ ሲሸጥ እሺ እየፈለገ መግዛቱ ነው። በመካከለኛው ላይ አንድ ደንበኛ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ ተቀምጧል። እሺ ምላጩን እንደያዘ ዞረ። ሸበት ብሏል።

«ጋሼ» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

ሴትየዋ ማንነቷን ተናገረች፣ ፍርዱን አነበበችለት፤ «የቀኝ እጀታው ላይ ክብ ቃጠሎ ያለው» እያለች ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየች። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። የመጨረሻውም ንጹሕ ነው። መካከለኛው ጋ ጎንበስ ብላ የደንበኛውን ክንድ በትሕትና አነሳችው። ክቡ ጠባሳ እዚያው ነው፣ ማንቆርቆሪያው ትናንት የተነሳ ይመስል።

«እሱ ነው! እሱ ነው!» አለ ጋሽ ለምን።

«ይሄ ግራ እጀታው ነው» አለች ሴትየዋ።

«ምን?»

«ደንበኛው የተቀመጠበትን ይዩት። ቃጠሎው በግራ እጁ በኩል ነው። ፍርዱ ቀኝ ነው የሚለው።»

ግራ መጋባት ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ በግራ ተገባ። ጋሽ ለምን ወደ ወንበሩ ፊት ዞረ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ እጆቹን አየ። እሱ እኮ ቀኝ ሲል የቆመው ፊት ለፊት ነው! ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው! ለማስረዳት አፉን ከፈተ፤ ነገሩ ግን ለራሱም ጆሮ የአጭበርባሪ ወሬ መሰለው። «እኔ ቀኝ የምለው… የኔን… ማለት ስቆም…» አለና ላብ አጠመቀው።

«አባቴ፣ ገብቶኝ ይሆናል» አለች ሴትየዋ፤ ድምፅዋ አልከረረም። «ግን እኔ ፍርድ አላርምም። የኛ ፍርድ ቤትም የናንተን ፍርድ አያርምም። ተመልሰው የፈረደውን ፍርድ ቤት ያሳርሙ። እስከዚያ ወንበሩ እዚሁ ይቆያል፤ ለመቆየቱ ግን ዋስትና አልሰጥም።»

ማሳረም! እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ውክልና። እስከዚያ ይሄ ወገብ ይቆማል? አይቆምም፤ እሱም ያውቀዋል። በር ላይ ያለው ባለ ጋሪ «እንግዲህ ባዶዬን ልመለስ ነው?» ሲል ጋሽ ለምን ግድግዳውን ተደገፈ። ምላጩን ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሲያጥፈው ታየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሴትየዋ ግን ሥራዋን ጨርሳ የምትሄድ ናት እንጂ አጎድላ አይደለም። «የፍርድ ባለዕዳውስ ምን ይላሉ? ይሄ ወንበር ፍርዱ የሚለው ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀች።

አያችሁ? ሰውየው ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ዝም አይነቅዝም። ዝም ማለት ደግሞ ሙያው ነው። «አይደለም» ማለት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱ ራሱ ብሎለታል። አረፋ የተቀባው ደንበኛ ሳይቀር ነገሩ ገብቶት በግማሽ አፉ «ዝም በል አንተ!» አለው።

እሺ ምላጩን ጠረገና አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ አንዴ ወዲህ ይምጡልኝ። እዚህ ጋ፣ ደንበኛው ፊት ለፊት ይቁሙ» አለ። ሴትየዋ ሄዳ ቆመች። «እንደሚላጭ ሰው ጎንበስ ይበሉ። አሁን ቀኝ እጅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

ዝቅ አደረገች። እጇ ጠባሳው ላይ አረፈ።

«በጋሼ ቤት ቀኝ ይሄ ነው» አለ እሺ። «እኔም የተማርኩት ይሄንኑ ነው። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ፣ በማንቆርቆሪያ። ወንበሩ የሳቸው ነው።»

ሴትየዋ እጇን ሳታነሳ «ይሄን ካመኑ እኮ ክርክር የለም፤ ወንበሩ አሁኑኑ ይሄዳል» አለችው።

«እሺ» አለ።

ጋሽ ለምን ከግድግዳው ተላቀቀ። ከወንበሩ ይልቅ አሁን ያንገበገበው ሌላ ነገር ነበር። «ለምን?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እንዲህ እውነት ተናጋሪ ከሆንክ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ሳትልክልኝ ቀረህ? መጥሪያ ደርሶህ ለምን አልመጣህም? ለምን ተረታህልኝ?»

እሺ ፎጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጠፈ። እንዲያ ረጅም ንግግር ሲናገር የሰማው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«ሱቁን የከፈትኩ ቀን ይምጡልኝ ብዬ ደወልኩ፤ ሥራ በዛብኝ አሉኝ። ሚስት ሳገባ ደወልኩ። ልጄ ስትወለድ ደወልኩ። ኋላ እርስዎ ሲደውሉ ስለወንበሩ ሆነ። ወንበሩን ብልክልዎትማ ጭራሽ ምን ሊያመጣዎት ነው? መጥሪያው ሲደርሰኝ፣ ሄጄ ብከራከር ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ከፈረዱብዎት አይመጡም፤ ከፈረዱልዎት ግን ወንበሩን ለመለየት የግድ ራስዎ ይመጣሉ አልኩ። ተረትቼም ቢሆን ይምጡ አልኩ። የወገብዎ ነገር ጥፋቴ ነው፤ እንዲህ መክፋቱን አላወቅኩም። ሰው ሁሉ ጠያቂ ነው ይልዎታል ጋሼ። እኔን ግን አንድ ቀን መጥተው አልጠየቁኝም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሚስቱ ቁልፍ እየቆጠረች «ሄደህ ብትጠይቀውስ» ያለችው አሁን ነው የተሰማው። ያኔ ስለወንበሩ ጠይቀው ያለችው መስሎት ነበር፤ እሷ ግን ሰውየውን ጠይቀው ማለቷ ነበር። ጋሽ ለምን አፉን ከፈተ። ጥያቄ ፈለገ፤ አጣ።

በዚህ መሐል ደንበኛው «እኔስ? ከነአረፋዬ ከወንበሩ ጋር ልረከብ ነው?» አለ፤ ያ ነው ሁሉንም ከጭንቅ ያወጣቸው። ሴትየዋ እንኳ ሳቀች። እሺ ቶሎ ቶሎ አድርጎ የቀረውን ግማሽ ፊት ጨረሰና ሰውየውን አስነሳው። ባለ ጋሪው ወንበሩን ሊያነሳ ገባ።

«ቆይ» አለው ጋሽ ለምን። ወደ ሴትየዋ ዞሮ «ከመጫኑ በፊት ብቀመጥበት ሕግ ይከለክላል?» አላት።

«ተረክበዋል፤ የራስዎ ነው። የፈለጉትን ያድርጉበት» አለችና ውክልናው ላይ ፍርዱ መፈጸሙን ልትጽፍ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

ጋሽ ለምን ወገቡን እየደገፈ ተቀመጠ። እሺ ፔዳሉን ረገጠ፤ ወንበሩ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ አረፋ ቀባው፣ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ጋሽ ለምን ከወንበሩ ማዶ ሆኖ ስንት ሰው ላጭቷል፤ በሠልጣኙ እጅ ግን ተላጭቶ አያውቅም።

«ልጅትዋ እንዴት ናት?» አለ ጋሽ ለምን፣ ከአረፋው ውስጥ።

የእሺ እጅ አየር ላይ ቆመ። «ደህና ናት ጋሼ» አለ። «ጠያቂ ናት፤ አታስቀምጠንም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ያይዋታል። አሁን ወደ ቀኝ ዞር ይበሉልኝ።»

ጋሽ ለምን ዞረ። በራሱ ቀኝ።

እሺ አገጩን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ በዝግታ ወደ ማዶ እየመለሰ፣ «የኔን ቀኝ ነው ያልኩዎት» አለው።

«እሺ» አለ ጋሽ ለምን።